የከብት ሐኪሙን ማን አስተማረው? ከአፋር በረሃ እስከ ሼክ ተራራ

‹‹ጋአን ሊባህ›› በሶማሊኛ የአንበሳ እጅ ማለት ነው። የሐርጌሳ ነዋሪ ይህን ስም ሲሰማ በቅድሚያ የሚታወሰው የከተማይቱ አንድ ክፍል ነው። ይሁንና ስሙ ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በጎሊስ የተራሮች ሰንሰለት ላይ ለሚገኝ ከፍተኛ ስፍራም መጠሪያ ነው። ጥድ የበቀለበት ይህ ተራራ በእንግሊዝ የሞግዚትነት ዘመን ደኑና ግጦሹ እንዲጠበቅ ተከልሎ ነበር። ለተራራውም ሆነ ለከተማው ትርጉም የሰጠው እንስሳ ነው። አርብቶ አደሩ መንጋውን ይዞ ተራራውን ይወጣል፤ ነጋዴው ደግሞ መንጋውን በሐርጌሳ ገበያ በኩል አድርጎ ወደ በርበራ ወደብ ይሸኛል። ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተነሥቶ ጠረፍ የሚሻገረው በግ፣ ፍየልና ግመልም መንገዱ ይኸው ነው።

እንስሳው ባለበት ሁሉ በሽታ አለ፤ በሽታ ባለበትም ሐኪም ይፈለጋል። በአፍሪካ ቀንድ የእንስሳት ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ስለ ክትባት፣ ስለ ላቦራቶሪና ስለ ዘመቻ ነው። ከዚህ ጎን እምብዛም ያልተጻፈለት ሌላ ታሪክ አለ። ሙያውን ቀድመው የያዙ ሰዎች ተተኪዎቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ፣ አንዳንዴም ራሳቸው በተማሪ ቦታ ተቀምጠው ከእረኛ እንዴት እንደ ተማሩ የሚናገር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩን ከአንድ በሽታ መጀመር ግድ ይላል። በአማርኛ ‹‹ደስታ›› ይባላል። እንዲህ ያለ ጨካኝ በሽታ እንዲህ ያለ ስም መያዙ ሰሚውን ግራ ማጋባቱ አይቀርም። በ1887 ግድም የኢጣልያ ጦር ለስንቅና ለጓዝ በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር ወደ አገሩ እንደ ገባ ይታመናል። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ የቀንድ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደ ጨረሰ የታሪክ ጸሐፍት ይገምታሉ። ገበሬው ያለ በሬ፣ አርብቶ አደሩ ያለ ወተት ቀረ። በሀገራችን ታሪክ ‹‹ክፉ ቀን›› ተብሎ የሚታወቀው ረኃብ ከዚህ የተነሣ ነው። አፄ ምኒልክ በሬ ያጣው ሕዝብ በዶማ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። በሽታው ወደ ደቡብ እየገሰገሰ እስከ 1897 ደቡባዊ አፍሪካን አዳረሰ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ በሽታውን ስሙን ጠርቶ፣ መንገዱን አውቆ፣ ለሌላው የሚያስተምር በትምህርት ቤት የሠለጠነ ሐኪም አልነበረም።

በእርግጥ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ራሱ የዚሁ በሽታ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1762 በፈረንሳይ፣ በሊዮን ከተማ ሲከፈት፣ መሥራቹ ክሎድ ቡርዥላ ፈረስ በመጋለብና ፈረስን በማወቅ የተመሰገነ ሰው ነበር። መንግሥት ግን ገንዘቡን የሰጠው በዋናነት ለፈረስ አልነበረም፤ የፈረንሳይን ከብት ይፈጅ የነበረውን ደስታ በሽታ ያስቆምልኛል ብሎ ነው። ቡርዥላም ተማሪዎቹን ትምህርታቸው ሳያልቅ ወረርሽኝ ወደ ገባባቸው አውራጃዎች ይልካቸው ነበር። መጽሐፍ ያላገኙትን ከከብቱ በረት አገኙት። ይህ ልማድ፣ ተማሪን ገና ሳይጨርስ ወደ መስክ ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ ከሙያው አልተለየም።

ወደ ቀንዱ እንመለስ። ኢጣልያኖች በ1903 በአስመራ የሴረምና የክትባት ተቋም አቋቋሙ። በሶማሊላንድ የእንግሊዝ ሞግዚትነት ዘመን ደግሞ ጥቂት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪሞች ነበሩ። ከእነዚህ ኢ. ኤፍ. ፔክ የተባለው በ1930ዎቹ መጨረሻ ስለ ግመል ባሳተማቸው ጽሑፎች ይታወሳል። ግመል ጨው ሲያጣ ቆዳው እየቆሰለ እንደሚበሰብስና እንደሚያነክስ የጻፈው እሱ ነው። እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማረ ሰው ስለ ግመል የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ስለ ፈረስ፣ ስለ ላምና ስለ በግ ነውና። የሶማሊ ግመል አርቢ ግን ጨዋማ ጉድጓድና ጨዋማ ግጦሽ ወዳለበት ስፍራ ግመሉን በየጊዜው እየነዳ መውሰድን ከአባቱ ተምሮ ያደርገው ነበር። በሙያ መጽሔቶች ውስጥ የጸሐፊው ስም ይኖራል፤ የግመሉን ልጓም ይዞ የቆመው ሰው ስም ግን እምብዛም አይገኝም። ያም ሆኖ በዚህ አገር የግመል ሕክምና የመጀመሪያዎቹ መምህራን እነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያ የዘመናዊው ሙያ መዲና ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ ናት። በ1960ዎቹ የክትባት ማምረቻው ተቋም ሥራ የጀመረው በዚያ ነው፤ የእንስሳት ጤና ረዳቶች የሠለጠኑትም እዚያው ነው። ሐኪም ለመሆን የሚሻ ወጣት ግን ባሕር መሻገር ነበረበት። አንዱ ሶቭየት ኅብረት፣ ሌላው ኩባ፣ ሌላው ምሥራቅ ወይም ምዕራብ አውሮፓ ተምሮ ይመለሳል። ሁሉም የተማሩት ሕክምና አንድ ይሁን እንጂ የተማሩበት ቋንቋ ብዙ ነበር። አንድን በሽታ አንዱ በሩስኛ፣ አንዱ በስፓኒሽ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ስሙን ያውቀዋል። ገበሬው ግን የሚያውቀው አባ ሰንጋን፣ አባ ጎርባን፣ ገንዲን፣ ሳምባን ነው። ሐኪም ሆኖ ወደ ገጠር የወጣ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው ትርጉም ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ማስተማር ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 በደብረ ዘይት ሲከፈት ይህ ሁኔታ ተለወጠ። በውጭ አገር የተማሩት ሐኪሞች በአገር ውስጥ የሚያስተምሯቸው ልጆች አገኙ። የፋኩልቲው ጥቅም ሕንፃው ብቻ አልነበረም። ከፋኩልቲው ጥቂት ርቀት ላይ የክትባት ተቋሙ አለ፤ በዙሪያው የገበሬ በረትና የከብት ገበያ አለ። ተማሪው በጠዋት ስለ ሳምባ በሽታ ሰምቶ ከሰዓት በኋላ የታመመውን ከብት ማየት ይችል ነበር። በዘመኑ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረውን እንግሊዛዊውን ሐኪም ፒተር ሮደርን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በ1994 የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ በኢትዮጵያ ፍየሎች ላይ መገኘቱን ያረጋገጠው የምርምር ጽሑፍ ሲወጣ፣ ስሙ የተጻፈው ብቻውን ሳይሆን ከኢትዮጵያውያን የሙያ ጓደኞቹ ጋር ነው። ከዚያ ዘመን በፊት የአፍሪካ ናሙና በአፍሪካዊ እጅ ተሰብስቦ ጽሑፉ በአውሮፓዊ ስም ብቻ መታተሙ የተለመደ ነበርና፣ በጽሑፉ ራስጌ ስም መካፈል ቀላል ነገር አይደለም። ሮደር በኋላ፣ ከ2000 እስከ 2007፣ በምግብና እርሻ ድርጅት ሥር ደስታ በሽታን ከዓለም የማጥፋቱን ፕሮግራም መርቷል።

በሶማሊያ ደግሞ የብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በሞቃዲሾ በ1970ዎቹ ተቋቋመ። ትምህርቱ ይሰጥ የነበረው በኢጣልያንኛ ሲሆን ብዙዎቹ መምህራንም ከኢጣልያ የመጡ ነበሩ። በቡርዖ አቅራቢያ ግመል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ አባቱ በሶማሊኛ የሚጠራውን በሽታ በኢጣልያንኛ ተምሮ፣ ተመልሶ ለአባቱ በሶማሊኛ ያስረዳል። ከባድ መንገድ ነው፤ ቢሆንም ሠርቷል። በ1980ዎቹ ከዚያ ፋኩልቲ የወጡ ሐኪሞች በሶማሊኛ ተናጋሪው ምድር ሁሉ ተበትነው ይሠሩ ነበር።

በ1991 ሁሉም ነገር ቆመ። መንግሥት ፈረሰ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ መጻሕፍቱና ላቦራቶሪው ተዘረፉ። በሕክምና ሙያ የጦርነት ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም። ሐኪሞቹ ከነእውቀታቸው አሉ፤ አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ በየገበያው የመድኃኒት ሱቅ ከፈተ፣ አንዳንዱ ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር ተቀጠረ። የተቋረጠው ተከታዩ ነው። በየዓመቱ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣት ቀረ። የአንድ ሐኪም የሥራ ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ቢሆን፣ አሥር ዓመት ተማሪ ያላስተማረ አገር የዘመኑን ሲሶ አጥቷል ማለት ነው። ሱቁን የከፈተው ሐኪም ሲያረጅ ሱቁን የሚረከበው ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ የሚያውቀው የጠርሙሱን ዋጋ ነው።

በዚያው ዐሥር ዓመት ግን፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ በአፋር በረሃ፣ የሙያውን ልማድ ያናወጠ ነገር ተደረገ። ታሪኩን ለመረዳት ስለ ክትባቱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት ከናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ ከባልደረቦቹ ጋር አስተማማኙን የደስታ ክትባት የሠራው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚህም በ1999 የዓለም ምግብ ሽልማትን አግኝቷል። በዚህ ክትባት ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ ታላቅ የጋራ ዘመቻ ተደርጎ በሽታው ሊጠፋ ተቃረበ፤ ነገር ግን አልጠፋም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ገና ተነሥቶ አህጉሩን አዳረሰ። በ1983 ሳዑዲ ዓረቢያ ከሶማሊያ የሚመጣ የቀንድ ከብት እንዳይገባ የከለከለችውም በዚሁ በሽታ ፍራቻ ነው። ደካማው ጎን ክትባቱ ሳይሆን መንገዱ ነበር። ክትባቱ ከፋብሪካ ወጥቶ መርፌ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። ለዚህ ማቀዝቀዣ፣ መኪና፣ ነዳጅና በረዶ ይፈለጋል። መኪናው መሄድ የሚችለው ደግሞ መንገድ እስካለበት ድረስ ነው። የአፋር ከብት ግን ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው።

በ1990 አካባቢ አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነር የተካፈለበት ምርምር ይህንኑ ክትባት በልዩ አደራረቅ በማዘጋጀት በሙቀት ቦታ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ወር ያህል እንዲቆይ አስቻለው። ጠርሙሱን በከረጢት ይዞ በእግር መሄድ ተቻለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከጠርሙሱ ይልቅ ከባድ ነበር፤ ይዞት የሚሄደው ማን ነው? የመንግሥት ሐኪም በቁጥር ጥቂት ነው፤ በዚያ በረሃ ከመንጋ ጋር ለወራት መዞርም አይችልም። የተሰጠው መልስ፣ የአፋር ሽማግሌዎች ከየማኅበረሰባቸው የሚያምኗቸውን ወጣቶች እንዲመርጡና ሐኪሞቹ ክትባት መስጠትን፣ የበሽታ ምልክትን ማወቅንና መዝገብ መያዝን በአጭር ጊዜ እንዲያስተምሯቸው የሚል ነው። ከተመረጡት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ነበሩ። ከብትን በተመለከተ ግን በደብረ ዘይት ከሚማር የከተማ ልጅ ይልቅ ብዙ ያውቁ ነበር።

የሙያው ሰዎች በሙሉ በዚህ አልተደሰቱም። እንዲያውም በኢትዮጵያም፣ በኬንያም፣ በሌሎችም አገሮች ብርቱ ክርክር ተነሣ። ስድስት ዓመት ተምሮ የወጣ ሐኪም፣ መርፌን ላልተማረ እረኛ መስጠት ሙያውን ማዋረድ፣ መድኃኒትንም ያለ ልክ እንዲበተን ማድረግ ነው ብሎ ቢያስብ የሚገርም አይሆንም። መድኃኒት ያለ ልክ ሲሰጥ በሽታው እንደሚለምደው የሚያውቅ ሰው ስጋቱን ዝም ብሎ የቅናት ነገር ሊለው አይችልም። ከተቃዋሚዎቹ መካከልም ቅን ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በመስክ የታየው ነገር ክርክሩን ወደ አንድ ወገን አዘነበለው። በ1994 በአፋር ሃያ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች 73,000 ከብት ከተቡ፤ ከተከተቡት 83 ከመቶ ያህሉ በሽታውን የሚከላከል ኃይል እንዳገኙ ምርመራው አሳየ። ይህ የሠለጠነ የመንግሥት ቡድን ከሚያገኘው ውጤት አያንስም። ከኅዳር 1995 በኋላ በአፋር ደስታ በሽታ አልታየም። ኢትዮጵያም ከዚያ ዓመት ወዲህ በሽታውን አላየችም።

ሃያዎቹ ሰዎች ብቻቸውን አገር አዳኑ ማለት አይደለም። በዚያው ጊዜ በመላ አገሪቱ የሚደረገው ጅምላ ክትባት ቆሞ በሽታው በተደበቀባቸው ስፍራዎች ላይ ማተኮር የሚለው ውሳኔም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ግማሽ በግማሽ የተከተበ መንጋ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ነገር ግን ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሐኪሞቹ ያደረጉት ነው። አሠልጥነው አልተመለሱም፤ መዝገቡን ለማየት፣ ያለቀውን ክትባት ለመተካት፣ ስሕተቱን ለማረም ተመላለሱ። ሠልጣኙም አዲስ ምልክት ያየ ጊዜ የሚልክበት ሰው እንዳለው አወቀ። ከእነዚህ ሐኪሞች ትውልድ ከሆኑት አንዱ ዶክተር ብርሃኑ አድማሱ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የማኅበረሰብ ሠራተኞች የሚያክሟቸው በሽታዎች በአርብቶ አደሩ ከብት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በጉልህ መቀነሱን አሳይተዋል። የጥናቱ መረጃ የተገኘው ደግሞ አርብቶ አደሮቹን በመጠየቅ ነው። እረኛው ጠጠር እየከመረ የትኛው በሽታ ስንት ከብት እንደ ገደለበት ያሳያል፤ ሐኪሙ ይቆጥራል። ይህ አሠራር ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች በኮርስነት ይሰጣል።

በሶማሊላንድም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው ሐኪም አንዲ ካትሊ ከአሕመድ አደን መሐመድ ጋር በሳናግ ክልል የአርብቶ አደሩን የእንስሳት ሕክምና እውቀት ሰብስበው አሳትመዋል። የሳናግ ሰው በሽታን በስም፣ በወቅት፣ በግጦሽ ስፍራ ለይቶ ያውቃል። ግመልን የሚያከሳውን፣ በሶማሊኛ ‹‹ዱካን›› የሚባለውን በሽታ ልምድ ያለው አርቢ የግመሉን ሽንት በማሽተት ጭምር ይለየዋል። ከተማ የተማረ ሰው በዚህ ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን በዚያ በረሃ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አልነበረም፤ ሐኪሞችም ባደረጉት ምርመራ የአርቢው አፍንጫ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ አግኝተውታል። ቋንቋን ለሚወድ አንባቢ አንድ ነገር እንጨምር። ፍየልን የሚያፍነውን የሳንባ በሽታ ሶማሊው ‹‹ሳምባብ›› ይለዋል፤ የአማራ ገበሬ የከብቱን ‹‹ሳምባ›› ይለዋል። ሁለቱም በሽታውን የሚጠሩት በሚያጠቃው አካል ስም ነው፤ ሐኪሙ እንስሳውን ሲያርድ የሚከፍተውም ያንኑ ነው።

ከዚያ መዓቱ ከባሕር ማዶ መጣ። በ1997 መጨረሻ በከባድ ዝናብ ምክንያት በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሣ። ትንኝ የሚያስተላልፈው ይህ በሽታ በግና ፍየልን ያስወርዳል፤ ሰውንም ይገድላል። በ1998 ሳዑዲ ዓረቢያ ገበያዋን ዘጋች፤ በ1999 ከፈተች። በመስከረም 2000 በሽታው በሳዑዲና በየመን ሲገኝ ከአፍሪካ ምድር ውጭ ሲታይ የመጀመሪያው ነበርና፣ እንደ ገና ዘጋች። ይህ ሁለተኛው እገዳ እስከ 2009 መጨረሻ ቆየ። በርበራ ከዚያ በፊት በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ እንስሳት የሚወጡበት ወደብ ነበር። ምን ያህል ቤተ ሰብ እንደ ተጎዳ የሐርጌሳና የቡርዖ ነዋሪ ይነግራል፤ ከጅጅጋ ወዲያ ያለው አርብቶ አደርም እንደዚሁ።

እገዳው አንድ ነገር በግልጽ አሳየ። እንስሳው ጤናማ ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጤናማ መሆኑን መርምሮ፣ ደሙን ወስዶ፣ ፈርሞ የሚመሰክር የታወቀ ባለሙያ ያስፈልጋል። ያ ባለሙያ ደግሞ ከ1991 ወዲህ አልሠለጠነም። የሼክ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ2002 የተከፈተው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ያቋቋመው ቴራ ኑዎቫ የተባለው የኢጣልያ ድርጅት ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰጥቶታል፤ ከጊዜ በኋላም በኢጋድ ሥር ሆኗል። ሼክ የተመረጠችበትን ምክንያት መገመት አያዳግትም። ከተማይቱ ከበርበራ ወደ ቡርዖ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጎሊስ ተራራ ራስ የተቀመጠች ነፋሻ ናት። በዚያው ስፍራ በ1958 የተከፈተውና ሪቻርድ ዳርሊንግተን ያስተዳደረው የሼክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ የሶማሊላንድን ምሁራን አፍርቷል። ተማሪ ማስተማር ለከተማይቱ የቆየ ልማድ ነው። ሁለተኛውም ጥቅም ከወደቡም ከግጦሹም በቅርብ መገኘቷ ነው። ወደ ታች ቢወርዱ መርከብ የሚጠብቅ እንስሳ፣ ወደ ላይ ቢወጡ ሣር የሚበላ እንስሳ አለ።

ትምህርት ቤቱ ከሌሎች የሚለየው ትምህርቱን ባዘጋጀበት መንገድ ነው። የመንግሥት ሥራ በሌለበት አገር ተመራቂው ተቀጥሮ ደመወዝ ይጠብቃል ማለት ዘበት ነበር። ስለዚህ የሚሰጠው ዲፕሎማ ከበሽታ ምርመራ ጋር የወተት፣ የሥጋና የቆዳ ዝግጅትን፣ የንግድ አያያዝንም ያካትታል። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲዘጋጅና ሲመዘን የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተባብሯል። ተማሪዎቹ የመጡት ከሶማሊላንድ ብቻ ሳይሆን ከፑንትላንድና ከደቡብ ሶማሊያ ጭምር ነው፤ በኋላም ከኢትዮጵያና ከሌሎች የኢጋድ አገሮች መጥተዋል። በፖለቲካ ተለያይተው የቆሙ አገሮች ልጆች አንድ ግመል ዙሪያ ቆመው አንዱ ሲይዝ ሌላው ደም ሲወስድ ማየት፣ ለማንም ሰባኪ የማይሰጥ ትምህርት ነበር። የደቡቡ ልጅ ስለ ላም፣ የሰሜኑ ስለ ግመልና ስለ በርበራ በግ የሚያውቀውን እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ። ሁሉንም በአንድነት የማያስማማው የበሽታው ስም ነው፤ ሶማሊኛው ራሱ ከስፍራ ስፍራ ይለያያልና።

ከ1991 በፊት ከሞቃዲሾ የወጡት ሐኪሞች እዚህ ላይ ተገቢ ቦታቸው ሊሰጣቸው ይገባል። በመካከለኛ ዕድሜያቸው ላይ የደረሱ፣ ጦርነቱን ያለፉ፣ በመድኃኒት ሱቅና በእርዳታ ፕሮጀክት ኑሯቸውን የገፉ ሰዎች ናቸው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ተተኪ ማግኘት ቻሉ። ተማሪ በመስክ ልምምድ ወደ ቄራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ግመል ጉድጓድ ሲወጣ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል። የሚቀበለው ሰው ደግሞ ገበያውን ዘግቶ፣ ገቢውን ትቶ፣ ለማያውቀው ልጅ የታመመ ፍየል እንዴት እንደሚያዝ ማሳየት አለበት። ይህን ሥራ ማንም በደመወዝ አይከፍለውም። የትምህርት ቤት ሪፖርት የሕንፃውን ወጪ በሳንቲም ቆጥሮ ያቀርባል፤ ለዚህ ሥራ ግን ዓምድ የለውም። የእንስሳት ሕክምና እጅን የሚጠይቅ ሙያ ነው። የላምን እርግዝና በክንድ መዳሰስ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ልምድ ያለው ሰው ከአጠገብ ቆሞ ‹‹አሁን ምን አገኘህ?›› እያለ ካልጠየቀ በቀር ጀማሪው የነካውን አያውቀውም።

ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ብዙ ናቸው። በቡርዖ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። በ2007 የተከፈተው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከሐርጌሳ ጋር ድንበር እንጂ እንስሳ አይለየውም። በሁለቱም በኩል ያሉ ተማሪዎች የሚያክሙት ያው በክረምት ወዲያ፣ በበጋ ወዲህ የሚዘዋወር መንጋ ነው። በትምህርት ቤቶች ብዛት ደስ ሊለን ቢገባም ሌላ ጥያቄ አብሮ መነሣቱ አይቀርም። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚገቡት ተማሪዎች ቁጥር ከሚያሳዩዋቸው ሐኪሞች ቁጥር በላይ ሲሆን ልምምዱ ወደ ጉብኝት ይለወጣል። አርባ ተማሪ በአንድ ላም ዙሪያ ቢቆም የመጨረሻው ረድፍ የሚያየው ጭራዋን ብቻ ነው።

ደስታ በሽታ በግንቦት 2011 ከእንስሳት፣ በሰኔም በምግብና እርሻ ድርጅት ጉባኤ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በሰው እጅ ከጠፉ በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የመጨረሻው ሕመም የታየው በ2001 በኬንያ፣ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ጎሾች ላይ ሲሆን በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የተሸሸገበት አካባቢም ሶማሊኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩበት የኬንያ፣ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ወሰን ነበር። አሁን በዓለም ደረጃ የተያዘው ዕቅድ የበግና የፍየሉን ደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 ማጥፋት ነው። ለአፍሪካ የሚሠሩትን ክትባቶች ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ተቋም በቢሾፍቱ ይገኛል፤ የደስታ በሽታ ክትባት ክምችትም ለአደጋ ቀን በዚያ ተቀምጧል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ችግር የዘርፉን ሊቃውንት ያሳስባል። ዛሬ በሼክ፣ በቡርዖ፣ በጅጅጋ፣ በቢሾፍቱ የሚማሩ ወጣቶች በሙሉ ደስታ በሽታን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ሊያዩትም አይገባም። ክትባቱ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ቫይረሱም በጥቂት ላቦራቶሪዎች ተዘግቶበታል። በሽታው አንድ ቀን ቢመለስ ግን ፊቱን ለይቶ የሚያውቀው፣ የዓይንን እንባ፣ የአፍን ቁስልና የተቅማጡን ሽታ ያየ ሰው ነው። በአፋርና በሶማሌ ምድር ያን ያዩት ሐኪሞችና እረኞች ጡረታ ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ያሉት የሚያውቁትን ለመናገር አሁንም ከተማሪ ጋር ወደ በረት የሚወርዱባቸው ቀናት አሉ።